የሰውን ዕቃ በኮሚሽን መሸጥ፦ ድለላ፣ አደራና የኢንተርኔት ገበያ ከፎገራ ሜዳ ሲታዩ

የሰውን ዕቃ ተረክቦ፣ በኢንተርኔት አስተዋውቆና ሸጦ፣ ከዋጋው ላይ ድርሻውን ቀንሶ ቀሪውን ለባለቤቱ የሚያስረክብ ሱቅ በመልኩ አዲስ ይምሰል እንጂ በባሕርዩ ነባር የንግድ ዓይነት ነው። አዲስ የሆነው ዕቃው ለገዢ የሚታይበት መንገድ ሲሆን፣ ሰው ንብረቱን በሌላ ሰው አፍና እጅ በኩል መሸጡ፣ ለአገልግሎቱም ከዋጋው ላይ ቆርሶ መክፈሉ ግን ገበያ ካለበት ዘመን ሁሉ አብሮ የኖረ ልማድ ነው። የዚህ ዳሰሳ ጥያቄ ኮሚሽን፣ ማለትም ከሽያጩ ዋጋ ተሰልቶ ለሻጩ ወኪል የሚከፈለው ድርሻ፣ በትክክል የምን ዋጋ ነው የሚል ነው። ዕቃን ለብዙ ዓይን የማሳየት ዋጋ ከሆነ፣ ስልክ በእያንዳንዱ እጅ በገባበት ጊዜ ክፍያው ሊጠፋ ይገባው ነበር፤ ስለ ዕቃው ደኅንነትና ስለ ክፍያው እርግጠኛነት ዋስ የመቆም ዋጋ ከሆነ ደግሞ፣ ስልኩ ከመጣ በኋላም ፈላጊ ማግኘቱ አይቀርም። በጣና ሐይቅ አጠገብ ያለችው የወረታ ከተማና ዙሪያዋ ያለው የፎገራ ሜዳ፣ ለገበያ የሚወጣ ሀብት በብዛት ያለበት ነገር ግን ከትልልቆቹ ከተሞች የኢንተርኔት ገበያ ርቆ የሚገኝ አካባቢ በመሆኑ፣ ሁለቱን መልሶች ለማመዛዘን የተመቸ ስፍራ ነው።

ሦስት ዓይነት አገናኞች

በዕለታዊ አነጋገር በሻጭና በገዢ መካከል የሚገባ ሰው ሁሉ ደላላ ይባላል፤ ቃሉ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን፣ ወደሚፈለገው ነገር የሚመራና የሚያመላክት ሰው የሚል ሐሳብ በውስጡ አለ። በጉዳዩ ላይ በትክክል ለመናገር ግን ሦስት ዓይነት አገናኞችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው በጠባቡ ትርጉም ደላላ የሚባለው ሲሆን፣ እርሱ ሁለቱን ወገኖች አገናኝቶ ያዋውላል እንጂ ዕቃውን አይረከብም፣ በውሉም ውስጥ ተዋዋይ አይሆንም። ሁለተኛው የኮሚሽን ወኪል ነው፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ እንደሚገልጸው ይህ ወኪል በራሱ ስም፣ ነገር ግን ለሌላ ሰው ጥቅም ይሸጣል ወይም ይገዛል፤ ስለዚህ ገዢው የሚያውቀው ሱቁን ሲሆን፣ ባለቤቱ ከመጋረጃ ጀርባ ይቆያል። ሦስተኛው ያገለገለ ዕቃ በገዛ ገንዘቡ ገዝቶ መልሶ የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ በየሰፈሩ የሚዞሩት ቆራሌዎች፣ የፕላስቲክ ዕቃን በአሮጌ ልብስ የሚለውጡት ልዋጮች፣ በአዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ የሚሠሩትም ብዙዎቹ ከዚህ ወገን ናቸው።

የሦስቱ ልዩነት የሚታየው ዕቃው ሳይሸጥ ሲቀር ወይም ሲበላሽ ነው። ገዝቶ የሚሸጠው ነጋዴ ኪሳራውን ሁሉ ስለሚሸከም፣ ለባለቤቱ የሚያቀርበው ዋጋ በጣም ዝቅ ያለ ነው፤ ደላላው ድካሙን ብቻ ስለሚያጣ በብዙ ዕቃ ላይ በአንድ ጊዜ ሊሠራ ይችላል፤ የኮሚሽን ሱቁ ግን ዕቃው እስኪሸጥ ድረስ የሰው ንብረት በእጁ ያለ አደራ ተቀባይ ነው። አደራ በሕግም በልማድም የከበደ ቃል በመሆኑ፣ ሕጉ አደራ ተቀባዩ ዕቃውን ጠብቆ እንዲመልስ ሲያስገድድ፣ ማኅበረሰቡ ደግሞ ይህን ያጓደለውን ሰው «አደራ በላ» ብሎ ከሌባ በማይተናነስ ስም ይጠራዋል። በኢንተርኔት የሚሸጠው የኮሚሽን ሱቅ እንግዲህ በአንድ በኩል የደላላን የማገናኘት ሥራ፣ በሌላ በኩል የአደራ ተቀባይን ኃላፊነት አጣምሮ የያዘ ነው።

ከይፋግ እስከ እህል በረንዳ

የፎገራ ሜዳና አካባቢው የሩቅ ነጋዴዎች መናኸሪያ የሆነው በቅርቡ አይደለም። ከሜዳው በስተ ሰሜን የሚገኘው የይፋግ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከጎጃም ወደ ጎንደርና ወደ ሰሜን በሚወስደው የቅፍለት መንገድ ላይ ከነበሩት ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ሲሆን፣ አሞሌ ጨው በመገበያያነት የሚዘዋወርበት፣ በነጋድራስ የሚመሩ ነጋዴዎች የሚያርፉበት ነበር። ባንክና ፖስታ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ከአገሩ ርቆ የሚነግድ ሰው የገበያውን ቋንቋ፣ ዋጋና ሰው የሚያውቅ የአገር ተወላጅ ያስፈልገው ነበር፤ በምሥራቅ በኩል በበርበራና በሐረር መስመር አባን የሚባለው ሰው እንግዳውን ነጋዴ አሳድሮ፣ ጠብቆና አገበያይቶ ዋጋውን የሚቀበል እንደነበረ በዚያው ክፍለ ዘመን የተጓዙ ሰዎች ጽፈዋል። አባኑ የሚከፈለው ገዢን ስላሳየ ብቻ ሳይሆን፣ እንግዳው ቢዘረፍ ወይም ቢታለል በራሱ ወገን ፊት ተጠያቂ ስለሚሆን ጭምር ነበር።

ይህ ሥርዓት በዘመናዊው የእህል ንግድ ውስጥ ምን መልክ እንደያዘ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን በ2001 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ምርምር ተቋም በኩል ባሳተሙት ጥናት በሰፊው መርምረውታል። በየክፍለ ሀገሩ ያለው ነጋዴ እህሉን ጭኖ በአዲስ አበባው የእህል ገበያ በእህል በረንዳ ለሚያውቀው ደላላ ይልክ ነበር፤ ደላላውም ጭነቱን ራሱ አይቶ፣ ጥራቱን መርምሮና ገዢ ፈልጎ ይሸጣል፣ ድርሻውንም በኩንታል ሒሳብ ይወስዳል። ሻጭና ገዢ ሳይተያዩ፣ ገዢው እህሉ ከየትኛው ጎተራ እንደወጣ ሳያውቅ፣ ጭነቱ በደላላው ስም ላይ ተማምኖ እጅ ይለውጥ ነበር። የመንግሥት መግለጫዎች «ሕገ ወጥ ደላላ»ን የዋጋ ንረት ምክንያት አድርገው ደጋግመው ቢጠቅሱትም፣ ጥናቱ የሚያሳየው ደላላው የሸቀጥ ደረጃ፣ የዋጋ መረጃና ፈጣን ፍርድ በጎደለበት ገበያ የእነዚህን ሁሉ ቦታ በራሱ ሰውነት ተክቶ የሚሠራ መሆኑን ነው።

በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመውና በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ እሌኒ በመሪነት ያቋቋሙት ሲሆን፣ ይህን የግለሰብ ዋስትና ወደ ተቋም ዋስትና ለመለወጥ የታለመ ነበር። አቅራቢው ቡናውን ወይም ሰሊጡን ለመጋዘን ያስረክባል፤ ምርቱ ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት የመጋዘን ደረሰኝ ይሰጠዋል፤ ሽያጩ በአባል ተገበያዮች በኩል ይፈጸማል፤ ኋላ ላይም ግብይቱ ከጩኸትና ከእጅ ምልክት ወጥቶ በኮምፒዩተር ሆኗል። ሥያሜው ባይሰጠውም፣ የሰውን ንብረት ተረክቦ በኤሌክትሮኒክ መንገድ አሽጦ የአገልግሎት ክፍያ የሚወስድ በኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ትልቁ ድርጅት ይኸው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሁን እንጂ አሠራሩ የቆመው አንዱ ኩንታል በሌላው ኩንታል ሊተካ በሚችልበት፣ በደረጃ በሚመደብ ምርት ላይ ስለሆነ፣ እያንዳንዱ የየራሱ ጉድለት ላለበት ያገለገለ ዕቃ እንዳለ ሊገለበጥ አይችልም።

የአሜሪካው ሙከራና ትምህርቱ

በኢንተርኔት የሚሸጠው የኮሚሽን ሱቅ አሁን በሚታወቅበት መልክ የተወለደው በአሜሪካ ነው። በ1995 እ.ኤ.አ. ፒየር ኦሚድያር የመሠረተው ኢቤይ ማንም ሰው ዕቃውን በጨረታ ለሩቅ ገዢ እንዲያቀርብ አስቻለ፤ ነገር ግን ፎቶ ማንሣቱ፣ መግለጫ መጻፉ፣ ለጥያቄ መልስ መስጠቱና ማሸጉ ለብዙ ሰው አታካች ሆኖ ተገኘ። ይህን ድካም የሚሸከሙ እንደ ኦክሽንድሮፕና አይሶልድኢት ያሉ ሱቆች ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፍጥነት ተስፋፉ፤ ደንበኛው ዕቃውን ጥሎ ይሄዳል፣ ሱቁም ሸጦ ከዋጋው ሲሶ የሚደርስ ድርሻ ይይዛል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን አብዛኞቹ ተዘጉ።

የመውደቃቸው ዋና ምክንያት በሒሳቡ ውስጥ የተደበቀ ነበር፤ ኮሚሽን ከዋጋው ጋር ከፍና ዝቅ ሲል፣ ለአንድ ዕቃ የሚወጣው ድካም ግን ዕቃው 20 ዶላር ያውጣ 500 ዶላር ብዙ አይለያይም። ስለዚህ ሱቆቹ ርካሹን ዕቃ እየመለሱ ውዱን ብቻ ለመቀበል ተገደዱ፤ ውድ ዕቃ ያለው ሰው ደግሞ ራሱ መሸጥን ተማረ። ከዚያ በኋላ ጸንተው የቆዩት በ2011 እ.ኤ.አ. እንደተመሠረተው ሪልሪል ያሉ፣ የታወቁ ፋብሪካዎችን ቦርሳና ጌጣጌጥ ተቀብለው እውነተኛ ይሁን አስመስሎ የተሠራ የሚመረምሩ ድርጅቶች ናቸው። ጆርጅ አከርሎፍ በ1970 እ.ኤ.አ. ስለ ያገለገሉ መኪናዎች በጻፈው ዕውቅ ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ የዕቃውን ጉድለት ሻጩ ብቻ በሚያውቅበት ገበያ ገዢው መጥፎውን ጠርጥሮ ዋጋ ስለሚያወርድ፣ ጥሩ ዕቃ ያለው ሰው ከገበያው ይወጣል። ከአሜሪካው ሙከራ የሚገኘው ትምህርት ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ማሳየትን የሸጡት ሱቆች ሲጠፉ፣ መርምሮ መመስከርን የሸጡት ቆይተዋል።

በኢትዮጵያ የኢንተርኔት ገበያ

በኢትዮጵያ ሰው ለሰው የሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ የተስፋፋው በሁለት መስመር ነው። አንደኛው የድሬዳዋን ዕውቅ ገበያ ስም እንደያዘው ቀፊራና በናይጄሪያ እንደተጀመረው ጂጂ ባሉ የማስታወቂያ መድረኮች በኩል ሲሆን፣ ሁለተኛውና የበለጠ ተጠቃሚ ያለው በቴሌግራም ቻናሎች፣ በፌስቡክ ገጾችና በቲክቶክ በኩል ነው። ብዙ የቴሌግራም ቻናሎች በመልካቸው የኮሚሽን ሱቆች ይመስላሉ፤ ባለቤቱ የዕቃውን ፎቶ ይልካል፣ የቻናሉ ባለቤት የራሱን ስልክ ቁጥር ጽፎ ይለጥፋል፣ ሲሸጥም ድርሻውን ይወስዳል። ነገር ግን አብዛኞቹ ዕቃውን በእጃቸው ስለማያስገቡ ሥራቸው ከድለላ አያልፍም። በአዲስ አበባ የግለሰቦችን መኪና በግቢያቸው አቁመው የሚሸጡ የመኪና መሸጫዎች ግን ከቻናሎቹ በተለየ ሁኔታ ንብረቱን የሚረከቡ በመሆናቸው፣ ለኮሚሽን ሱቅ ይበልጥ የቀረቡ ናቸው።

የእነዚህ ማስታወቂያዎች አጻጻፍ ራሱ የገበያውን ጭንቀት ይናገራል። ባለንብረቱ ብዙ ጊዜ «ደላላ አይደውል» ብሎ ይጽፋል፤ ምክንያቱም ለቤትና ለመኪና በተለምዶ 2 በመቶ ገደማ የሚጠየቀውን ክፍያ ማስቀረት ይፈልጋል። ይሁንና ገዢው ሲደውል የሚያነሣቸው ጥያቄዎች፣ ዕቃው የማን እንደሆነ፣ ሠርቶ ማየት ይቻል እንደሆነ፣ ቀብድ ከተከፈለ በኋላ ማን እንደሚጠየቅ፣ ቀድሞ በደላላው ሰውነት መልስ ያገኙ የነበሩ ጥያቄዎች ናቸው። ክፍያው በበኩሉ ብዙ ተቃልሏል፤ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. የጀመረው ቴሌብር ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አፍርቷል፣ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያም በ2015 ዓ.ም. ኤም-ፔሳን አስከትሏል። ገንዘብ በደቂቃ መተላለፉ ግን ዕቃው ሳይላክ ቀብድ ተቀብሎ ለሚሰወር አታላይም እኩል ስለሚመቸው፣ የፍጥነቱ ጥቅም ዋስትናን ከሚጠብቅ ሦስተኛ ወገን ጋር ካልተጣመረ ጎዶሎ ነው።

ወረታና የፎገራ ሜዳ

ወረታ ከባሕር ዳር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ሰሜን፣ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በደርግ ዘመን በቻይና እርዳታ ከተሠራው የወልድያ መንገድ ጋር በሚገናኝበት መገንጠያ ላይ የምትገኝ የንግድ ከተማ ናት። በርብና በጉማራ ወንዞች መካከል ተዘርግቶ እስከ ጣና ሐይቅ የሚደርሰው ሜዳ በክረምት ውኃ ስለሚተኛበት፣ በኢትዮጵያ ቀዳሚ የሩዝ ምርት አካባቢ ሆኗል፤ ብሔራዊው የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ወረታ ላይ ተቋቁሟል። ሜዳው በወተቱ በሚታወቀው የፎገራ ከብትም ስመ ጥር ሲሆን፣ ከሩዙ በኋላ በመስኖ የሚለማው ሽንኩርት ለአርሶ አደሩ ሁለተኛ የገንዘብ ምንጭ ነው።

የሩዙ ንግድ የኮሚሽን ሱቅን አሠራር በከፊል ይዟል። አርሶ አደሩ ሩዙን በከተማዋ ወደሚገኙ መፈልፈያዎች ያመጣል፤ መፈልፈያው ከመፈተግ አልፎ ምርቱ ለጊዜው የሚቀመጥበትና ከሩቅ የመጣ ነጋዴ የሚገዛበት ስፍራም ነው። ገዢው ከየቤቱ እየዞረ ሳይሆን ከአንድ ግቢ ብዙ ሻጭ ያገኛል፤ ሻጩም ሚዛኑንና ቦታውን ከሚያውቀው ሰው ግቢ ይሸጣል። በሜዳው ለረጅም ጊዜ የተዘራው ዝርያ ኤክስ-ጅግና መባሉ በደርግ ዘመን ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር ተያይዞ መምጣቱንና የጅግናን ቀበሌ ስም መያዙን የሚያስታውስ ሲሆን፣ ለንግዱ ያለው ጥቅም ስሙ ሲጠራ ገዢው የእህሉን መልክና ጠባይ አስቀድሞ ማወቁ ነው። የእህል ስም በከፊል የደላላን ምስክርነት ይተካል።

ያገለገለ ዕቃ ግን እንዲህ ያለ ስም የለውም። በሜዳው ቤቶች ውስጥ ሊሸጥ የሚችለው ንብረት ሲታሰብ፣ በበጋ ለሽንኩርት ሠርቶ ክረምቱን የሚቀመጠው የውኃ መሳቢያ ሞተር፣ ወደ ሌላ ወረዳ የተዛወረ የመንግሥት ሠራተኛ የሚተወው ቁም ሳጥንና ቴሌቪዥን፣ ስልክ፣ ሞተር ሳይክልና ባጃጅ ይገኙበታል። ከእነዚህ መካከል ባጃጅና ሞተር ሳይክል ሊብሬ፣ ማለትም የባለቤትነት ደብተር፣ ስላላቸው ሽያጫቸው በማስረጃ ይደገፋል፤ የውኃ ሞተር ግን ባለቤቱ ማን እንደሆነ የሚያስረዳ ወረቀት ስለማይኖረው፣ እንደተሰረቀ ወይም እንዳልተሰረቀ፣ ስንት በጋ እንደሠራ፣ ውስጡ ተበልቶ እንደሆነ በፎቶ ሊታወቅ አይችልም። ስለዚህ የዚህ ዓይነት ዕቃ ዛሬም በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል፣ በዘመድና በጎረቤት በኩል፣ ከሚገባው በታች በሆነ ዋጋ ይሸጣል፤ ከዓለም በር ወይም ከደብረ ታቦር ወገን ሞተሩን የሚፈልግ ገበሬ ቢኖርም የሚተማመንበት ሰው ስለማያገኝ አዲስ ለመግዛት ይገደዳል።

ርቀቱም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። በ1886 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ፖስታ በዋነኛነት የሚሠራው በፖስታ ሣጥን ቁጥር እንጂ በቤት አድራሻ ባለመሆኑ፣ ዕቃ ከወረታ ወደ ባሕር ዳር ወይም ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚርቀው አዲስ አበባ በብዛት የሚላከው በአውቶቡስና በሚኒባስ ረዳቶች እጅ ነው፤ ይህም ዕቃው በመንገድ ቢጠፋ የሚጠየቀውን ሰው አጠራጣሪ ያደርገዋል። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ደግሞ መንገዶችን ከማስተጓጎሉ ሌላ፣ የሞባይል ኢንተርኔትን ለወራት አቋርጦ ስለነበር፣ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ላይ የቆመ ንግድ በአካባቢው ምን ያህል በቀላሉ ሊሰበር እንደሚችል አሳይቷል።

ሕጉ የሚሰጠውና የሚያስቀረው

የሕጉ መሠረት ከሚታሰበው በላይ የተሟላ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ የኮሚሽን ወኪልንም አደራ ተቀባይንም ግዴታ ይደነግጋል፤ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013 የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ የንግድ ወኪሎችንና ነጋዴዎችን ሥርዓት አድሷል፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 በኤሌክትሮኒክ መልእክት የተደረገ ውል ወረቀት ስላልሆነ ብቻ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል፤ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አሳሳች መግለጫን ይከለክላል። ችግሩ የሕግ እጦት ሳይሆን፣ 3,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ ላይ የተነሣ ክርክር የፍርድ ቤት ምልልስን ወጪ የማይችል መሆኑ ነው። በተለይም የተሰረቀ ዕቃ ተረክቦ የሸጠ ሱቅ ከገዢውም ከእውነተኛው ባለቤትም በኩል ሊከሰስ ስለሚችል፣ ዕቃ ያመጣውን ሰው ማንነት መዝግቦ መያዝ ከጨዋነት ያለፈ ራስን የመጠበቅ ጉዳይ ነው።

ለሜዳው የሚስማማው ሱቅ

ከላይ የተዳሰሱት ሁሉ ወደ አንድ መደምደሚያ ያመራሉ፤ በወረታ ሊቆም የሚችለው የኮሚሽን ሱቅ ከመጀመሪያው መፈልፈያውን እንጂ የቴሌግራም ቻናሉን መምሰል ይኖርበታል። ግቢ፣ በር የሚቆለፍ መጋዘንና ዕቃን የሚፈትሽ ባለሙያ ያለው፣ ኢንተርኔት ሲኖር ገዢን ከሩቅ የሚጠራበት፣ ሲቋረጥ ግን በገበያ ቀን በሩን ከፍቶ መሥራት የሚችል ሱቅ ነው። ሒሳቡም ከአሜሪካው ውድቀት ትምህርት መውሰድ አለበት፤ ለምሳሌ ያህል አንድን ዕቃ መመርመር፣ ማስቀመጥና መሸጥ 300 ብር ያስወጣል ቢባል፣ 10 በመቶ የሚያስከፍል ሱቅ ከ3,000 ብር በታች በሚያወጣ ዕቃ ላይ ሁሉ ይከስራል፤ ስለዚህ ርካሽ ስልክና የወጥ ቤት ዕቃን ለገዝቶ ሻጩ ትቶ፣ በውኃ ሞተርና በመሰል የእርሻ መሣሪያ ላይ ቢያተኩር ይበጀዋል። በንግድ ዓለም ገዢው ዋጋውን ባይከፍል ራሱ ለመክፈል ዋስ የሚሆን የኮሚሽን ወኪል በጣልያንኛ ዴል ክሬዴሬ በሚባል ስም ይታወቃል፤ ለዚህም ተጨማሪ ክፍያ ይቀበላል። በፎገራም ሁለት ዓይነት ክፍያ ሊኖር ይችላል፤ ዕቃን አስቀምጦ ለማሳየት ዝቅ ያለ፣ ሞተሩ እንደሚሠራና የተሰረቀ እንዳልሆነ ዋስ ለመቆም ከፍ ያለ።

የዚህ ሱቅ ዋናው መሣሪያ ታዲያ ካሜራው አይደለም። ዕቃው ሲገባ ባለቤቱ ከነመታወቂያውና ከነምስክሮቹ የሚመዘገብበት፣ ዝቅተኛው የመሸጫ ዋጋና የማቆያው ጊዜ የሚጻፍበት፣ ሞተሩ በሁለቱም ወገን ፊት ተነሥቶ ውኃ መሳቡ የሚረጋገጥበት፣ ሻጭና ሱቅ የሚፈርሙበት መዝገብ ነው። የቴሌግራሙ ማስታወቂያ ገዢውን እስከ ወረታ መገንጠያ ድረስ ሊያመጣው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ኪሱን የሚያስከፍተው ግን ሞተሩ በጥር ቢበላሽበት በየካቲት ተመልሶ የሚያንኳኳው በር መኖሩ ነው፤ ኮሚሽኑም የሚከፈለው ለዚያ በር ነው።